የከባድ መኪና ዳሽቦርድ ጌጅ ውስጡ ጤዛ ሲይዝ፦ ከምርመራ እስከ መልሶ መግጠም

በቃሊቲ፣ በገላን፣ በሰበታና በሱሉልታ የሚያድሩ የጭነት መኪኖች ከሰኔ እስከ መስከረም ባለው ዝናብ፣ ከዚያም በኅዳርና በታኅሣሥ ውርጭ፣ ማለዳ ሲነሡ የጌጆቻቸው፣ ማለትም ፍጥነት፣ ሙቀት፣ ነዳጅና ንፋስ የሚያሳዩት የዳሽቦርድ መሣሪያዎች፣ መስታወት ከውስጥ በጤዛ ተሸፍኖ ይገኛል። አብዛኛው ሰው በዚህ ጊዜ ጌጁን አስፈትቶ መስታወቱን ይጠርጋል፣ ዙሪያውን በሲልከን ይደፍናል፣ መልሶም ይገጥመዋል። ብዙም ሳይቆይ ጤዛው ይመለሳል፤ ያን ጊዜ ደግሞ መውጫ ስለተዘጋበት ፀሐይ ቢወጣም አይደርቅም። ስሕተቱ ከቅደም ተከተሉ ነው። መጀመሪያ ውሃው ከየት እንደመጣ ይታወቃል፣ ቀጥሎ ምንጩ ይዘጋል፣ ከዚያ ጌጁ ይደርቃል፣ በመጨረሻም አየር እንዲያስገባና እንዲያስወጣ ሆኖ ይገጠማል።

የሚከተለው መመሪያ እንደ ሲኖትራክና አይሱዙ ኤፍኤስአር ላሉ ባለ 24 ቮልት መኪኖች ተብሎ የተዘጋጀ ቢሆንም፣ የአፈታቱ ዝርዝር ከሞዴል ሞዴል ስለሚለያይ ብሎን የሚገኝበትን ቦታ በራስዎ መኪና ላይ አይተው ያረጋግጡ።

ደረጃ 1፦ የጤዛውን ዓይነት ይለዩ

ምንም ነገር ሳይፈቱ ጣትዎን በመስታወቱ ላይ ያሳልፉ። ጉሙ ከጣትዎ ጋር ከተጠረገ ያለው በውጭ በኩል ነው፤ ጌጁ ጤነኛ ነው፣ የረጠበው የጋቢናው አየር ነው፤ ስለዚህ ደረጃ 2ንና ደረጃ 3ን ፈጽመው ያቁሙ።

ካልተጠረገ ጤዛው ውስጥ ነው። ውስጥ ሲሆን ደግሞ መልኩን በደንብ ይመልከቱ። ስስ ጉም ሆኖ ሞተሩ በተነሣ ግማሽ ሰዓት ውስጥ ብን ብሎ የሚጠፋ ከሆነና የሚታየውም አልፎ አልፎ በብርቱ ብርድ ጠዋት ብቻ ከሆነ፣ ጌጁን ለመፍታት አይቸኩሉ፤ የጋቢናውን እርጥበት ማስወገዱ ብዙውን ጊዜ ይበቃዋል። ጠብታ ሆኖ ወደ ታች የሚወርድ፣ ሲደርቅም ነጭ ወይም ቡናማ ምልክት የሚተው ከሆነ ግን ፈሳሽ ውሃ ገብቷል ማለት ነው፤ ይህ ሳይፈታ አይድንም።

ሦስተኛው መልክ ቅባት የመሰለና የሚያጣብቅ፣ ጣፋጭ ሽታ ያለው ጉም ነው። በፊት መስታወቱ ላይም ተመሳሳይ ነገር ካዩ የሚተነው የራዲያተር ፈሳሽ ነው፤ ይኸውም የጋቢናው ማሞቂያ ራዲያተር ወይም ቱቦው አንጠባጥቧል ማለት ነው። በዚህ ጊዜ ጌጁን ትተው ማሞቂያውን ያስጠግኑ። ፈሳሹ መርዛማ ስለሆነ ለማረጋገጥ ብለው አይቅመሱ፤ የራዲያተሩ ውሃ መጉደል ራሱ በቂ ማስረጃ ነው።

እዚህ ላይ አንድ ነገር ልጨምር። የዳሽቦርዱን አምፖሎች ወደ ኤልኢዲ የቀየሩ ሾፌሮች «ከዚያ ወዲህ ጉሙ ባሰበት» ሲሉ እውነት አላቸው። የቀድሞው አምፖል ሙቀት ይሰጥ ስለነበር ጥቂት እርጥበትን ያደርቅ ነበር፤ ኤልኢዲው ግን ያን ያህል አይሞቅም። ይህም ማለት እርጥበቱ ድሮም ነበረ፣ ሳይታይ ቆየ እንጂ። አምፖሉን መልሶ መቀየር መፍትሔ አይሆንም።

ደረጃ 2፦ ውሃው የሚገባበትን ይፈልጉ

ከሁሉም ደረጃዎች ብዙ ትዕግሥት የሚጠይቀውና ሰዎች የሚዘሉት ይህ ነው። ቢያንስ አንድ ሙሉ ከሰዓት ይመድቡለት፤ ረዳትዎንም ይዘው ይሥሩ።

በመጀመሪያ ጋቢናው ውስጥ ያለውን ምንጣፍ ሁሉ ያንሡ። ከጎማው ምንጣፍ ሥር ያለው ስፖንጅ ሲጨመቅ ውሃ የሚያወጣ ከሆነ ጋቢናው ሌሊቱን ሙሉ እንፋሎት ሲያመነጭ ያድራል፤ የቀዘቀዘው የጌጅ መስታወትም እንፋሎቱን ሰብስቦ ወደ ጤዛ ይለውጠዋል። እርጥበቱ ከየትኛው ጥግ እንደጀመረ ይመልከቱ፤ ከበሩ በኩል ነው፣ ከፔዳሎቹ ሥር ነው፣ ወይስ ከመካከል?

ምንጣፉ ከወጣና ወለሉ ከተጠረገ በኋላ፣ በሚጠረጥሯቸው መጋጠሚያዎች ሥር የጠመኔ ዱቄት ይነስንሱ፤ ውሃ ሲነካው ወዲያው ቀለሙን ስለሚለውጥ ጠብታው የወረደበትን መስመር ያሳያል። እርስዎ የእጅ ባትሪ ይዘው ውስጥ ይቀመጡ፤ ረዳትዎ ከውጭ በቀጭን ቱቦ፣ ያለ ግፊት፣ ከታች ጀምሮ ወደ ላይ እየሄደ ውሃ ያፍስስ። በእያንዳንዱ ቦታ ላይ 5 ደቂቃ ያህል ይቆይ። ከላይ ከጀመረ ውሃው ወደ ታች ስለሚወርድ ሁሉም ቦታ ያፈሰሰ ይመስላል፤ ምርመራውም ከንቱ ይሆናል።

በብዛት የሚያስገቡት ቦታዎች እነዚህ ናቸው፦ የፊት መስታወቱ ጎሚኒ፣ በተለይ መስታወቱ አንዴ ተሰብሮ የተቀየረ ከሆነ የታችኞቹ ሁለት ጥጎች፤ የዝናብ መጥረጊያው ዘንግ የሚያልፍበት ቀዳዳ፤ የጣሪያ መክፈቻው፤ የአንቴናና በኋላ የተገጠመ ተጨማሪ መብራት ቀዳዳዎች፤ የበር ጎሚኒ፤ የሽቦ ጥቅል ከሞተር ወደ ጋቢና የሚያልፍበት የጎማ ቀለበት። ጌጥ ተብሎ ጣሪያ ላይ መብራት የተደረደረለት መኪና ካለዎት ምርመራውን ከዚያ ይጀምሩ፤ ቀዳዳው ሲበሳ ጎሚኒ የሚያስገባለት ባለሙያ ጥቂት ነውና።

ባህር ዛፍ ሥር የሚያቆሙ ሰዎች ሌላ ነገር ይጨምሩ። በፊት መስታወቱ ሥር ያለው የንጹሕ አየር መግቢያ የራሱ የውሃ መውረጃ ቀዳዳ አለው። በሱሉልታና በቡራዩ መንገድ ዳር የሚያድሩ መኪኖች ይህ ቀዳዳቸው በቅጠል ይደፈናል፤ ዝናብ ሲዘንብ ውሃው በገንዳው ሞልቶ በማራገቢያው በኩል ወደ ዳሽቦርዱ ጀርባ ይፈስሳል። ሽፋኑን ፈትተው ቅጠሉን በእጅ ያውጡ፣ ከዚያ አንድ ኩባያ ውሃ አፍስሰው ከታች በፍጥነት መውረዱን ይመልከቱ።

ሁለት ጥያቄ ደግሞ ለራስዎ ይመልሱ። መኪናው በቅርቡ ላቫጆ ገብቶ የጋቢናው ውስጥ በግፊት ውሃ ታጥቦ ነበር? ከሆነ ቀዳዳ ፍለጋ ከመድከምዎ በፊት ያ ውሃ እስኪደርቅ ይጠብቁ፤ ለወደፊቱም ዳሽቦርዱ በእርጥብ ጨርቅ ብቻ እንዲጠረግ ይዘዙ። ጋቢናውስ ሞተር ለማየት በቅርቡ ወደ ፊት ተዘንብሎ ነበር? ወለሉ ላይ የተኛ ውሃ ካለ ጋቢናው ሲዘነበል ወደ ዳሽቦርዱ ይንደረደራልና፣ ወለሉን ሳያደርቁ ጋቢና አይዘንብሉ።

ደረጃ 3፦ ምንጩን ዘግተው ጋቢናውን ያድርቁ

የተቀደደ ወይም የደረቀ ጎሚኒ በሌላ ጎሚኒ ይቀየራል እንጂ በሲልከን አይለበድም። ሲልከን የግድ ካስፈለገ በመስታወቱና በቆርቆሮው መካከል፣ ከውጭ በኩል ብቻ፣ ቦታው ፍጹም ደርቆ ይጠቀሙ። ሲከፈት ኮምጣጤ ኮምጣጤ የሚሸተውን ዓይነት አይግዙ፤ አሲድ ስለሚያመነጭ ቆርቆሮን ያዝጋል፣ የሽቦ ጫፎችንም ይበላል።

የወለሉን ስፖንጅ ሙሉ በሙሉ አውጥተው ፀሐይ ላይ ያስጡ። ዳሽቦርዱ ላይ ፀጉራማ ጨርቅ አንጥፈው ከሆነ እሱንም ያንሡ፤ ጨርቁ እርጥበት ይይዛል፣ የአየር መውጫዎቹንም ይሸፍናል። ከፋብሪካ ሲመጣ የጌጁን ፊት ይሸፍን የነበረውን ላስቲክ «አዲስ ይምሰል» ብለው ያላነሡ ካሉም ዛሬ ያንሡት።

ከዚያ መኪናውን ሁለትና ሦስት ሌሊት ያሳድሩና እንደገና ይዩት። የውስጡ ስስ ጉም ካልተመለሰ ሥራው አልቋል።

ደረጃ 4፦ ለመፍታት ይዘጋጁ

ዝናብ በማይጥልበት ቀን፣ ከተቻለ ጣሪያ ሥር ይሥሩ። የሚያስፈልግዎት ልኩ የሆነ ካቻቢቴ፣ ከፕላስቲክ የተሠራ መፈልቀቂያ፣ ለስላሳ የሥዕል ብሩሽ፣ የመነጽር መጥረጊያ ጨርቅ፣ የወረቀት ፕላስተርና እስክሪብቶ፣ የተጣራ ውሃ እና ንጽሕናው 99 በመቶ የሆነ አይሶፕሮፒል አልኮል ነው። ለተጣራ ውሃ ነዳጅ ማደያ የሚሸጠው የባትሪ ውሃ ይሆናል፤ ነገር ግን የባትሪ አሲድም በተመሳሳይ ጠርሙስ ስለሚሸጥ ጽሑፉን ሁለት ጊዜ ያንብቡ።

በቅድሚያ ጎማዎቹን እንዳይንከባለሉ ከሥራቸው በሚገባ ታኮ ይያዙ። ቀጥሎ ቁልፉን ከፍተው ሁሉም ጌጆች የሚያሳዩትንና የኪሎ ሜትሩን ቁጥር በስልክዎ ፎቶ ያንሡ፤ በኋላ ክርክር ቢነሣ ይህ ፎቶ ይመሰክራል። ቁልፉን ዘግተው ጥቂት ደቂቃ ይጠብቁና የባትሪውን ኔጌቲቭ ገመድ አስቀድመው ይፍቱ። ሁለቱ ባትሪዎች ተከታትለው ስለተያያዙ፣ የሚፈቱት ወደ ሻንሲው፣ ማለትም ወደ መኪናው የብረት አካል፣ የሚሄደውን ገመድ መሆን አለበት፤ በመካከላቸው ያለውን ማገናኛ አይደለም።

መኪናዎ የፍጥነት መገደቢያ ወይም ማኅተም ያለበት መቆጣጠሪያ ከተገጠመለት ማኅተሙን አይስበሩ፣ ሽቦውንም አያላቅቁ። ጌጁ ያለዚያ የማይወጣ ከሆነ መሣሪያውን የገጠመው ድርጅት ባለበት ይሠራ።

ደረጃ 5፦ ጌጁን ያውጡና ይክፈቱ

የፊት ሽፋኑን ብሎኖች ፈትተው በቅደም ተከተላቸው በወረቀት ላይ ያስቀምጡ፤ ርዝመታቸው ስለሚለያይ ረጅሙ በአጭሩ ቦታ ከገባ ሰሌዳውን ይበሳል። ጌጁን ጥቂት ወደ ራስዎ ስበው እጅዎን ወደ ጀርባው ይስደዱ። ሶኬቶቹን ከመንቀልዎ በፊት እያንዳንዱን በፕላስተር ቁጥር ይስጡትና ፎቶ ያንሡ። ሶኬት የሚነቀለው መያዣውን ተጭኖ ነው፤ ሽቦውን ይዘው ከጎተቱ አንድ ጫፍ ከውስጥ ይላቀቅና አንዱ ጌጅ ሞቶ ይቀራል።

ከጌጁ ጀርባ ቀጭን ቱቦ ካዩ እጅዎን ያንሡ፤ ይህ በቀጥታ የንፋስ ግፊት የሚገባበት ጌጅ ነው። ወደዚህ ጽሑፍ መጨረሻ ሄደው የንፋስ ጌጁን ክፍል ሳያነቡ ቱቦውን አይፍቱ።

መስታወቱ በአብዛኛው በዙሪያው ባሉ የፕላስቲክ መያዣዎች የተያዘ ነው። ጌጁ በብርድ ላይ ከነበረ ለአንድ ሰዓት ያህል ሞቅ ያለ ክፍል ውስጥ ያቆዩት፤ የቀዘቀዘ ፕላስቲክ ሲፈለቀቅ ይሰበራል። መያዣዎቹን አንድ በአንድ፣ በተቃራኒ ጎኖች እየተፈራረቁ ይፈልቅቁ።

ከተከፈተ በኋላ ቀስቶቹን ፈጽሞ አይንኩ። ቀስት በእጅ ሲዞር ከሥሩ ያለው ትንሽ ሞተር ጥርሱ ይጎዳል፣ ወይም ቀስቱ ከዜሮው ይናወጣል፤ ከዚያ በኋላ የሙቀት ጌጁ «ደህና ነው» እያለ ሞተሩ ሊቃጠል ይችላል።

የመስታወቱን ውስጥ በተጣራ ውሃ በረጠበ ጨርቅ በቀስታ ይጥረጉ። ቤንዚን፣ ቲነር፣ አልኮልና የእጅ ሳኒታይዘር መስታወቱን ከነኩት ያደበዝዙታል ወይም ያሰነጣጥቁታል፤ መስታወት የምንለው በእውነቱ ፕላስቲክ ነውና። የቁጥር ሰሌዳውን በደረቅ ብሩሽ ብቻ ያራግፉ። አልኮሉ የሚያገለግለው ለአንድ ነገር ነው፦ ከኋላ ያለው ሰርኪዩት ቦርድ ላይ አረንጓዴ ወይም ነጭ ዝገት ካለ ብሩሹን ነክሮ ለማጽዳት። ፋርማሲ የሚገኘው 70 በመቶ አልኮል ቀሪው ውሃ ስለሆነ ለዚህ ሥራ አይመረጥም። ዝገቱ የሽቦውን መስመር በልቶ ካቋረጠው ግን ማጽዳት አያድነውም፤ የኤሌክትሮኒክስ ጠጋኝ ያየው።

የጋራዥ ኮምፕሬሰር አይጠቀሙ። ግፊቱ ቀስት ያጣምማል፤ በክረምት ደግሞ ከታንኩ ውስጥ ውሃና ዘይት ይዞ ይመጣል። አቧራ ማራገፍ ካስፈለገ የብስክሌት ማንፊያ ይበቃል።

ደረጃ 6፦ ያድርቁ

ጌጁንና መስታወቱን ለየብቻ፣ ክዳን ባለው ካርቶን ወይም የፕላስቲክ ሳጥን ውስጥ ያስቀምጡ፤ ከጫማና ከኤሌክትሮኒክስ ዕቃ ጋር የሚመጡትን የሲሊካ ጄል ከረጢቶች የቻሉትን ያህል ሰብስበው አብረው ያስገቡ። ሳጥኑን ዘግተው ከ24 እስከ 48 ሰዓት ይተዉት። ከረጢቶቹ የቆዩ ከሆኑ እርጥበት ጠጥተው ስለሚሆን ብዙም አይረዱም፤ አዲስ መግዛቱ ይሻላል። ቀለም ያለውን ዓይነት ሲሊካ ጄል መልሶ ለማድረቅ ብለው በምግብ ዕቃ ላይ አያሙቁ፣ ሰማያዊው መርዝነት ያለው ኮባልት ሊኖርበት ይችላል።

ከሰል ዳር፣ ምድጃ ላይ ወይም የጭስ ማውጫ አጠገብ ማድረቅ ክልክል ነው። የፀጉር ማድረቂያ ካለዎት በዝቅተኛው ሙቀት፣ ከ30 ሳንቲ ሜትር ርቀት፣ እያንቀሳቀሱ ይጠቀሙ፤ እጅዎን የሚያቃጥል ከሆነ ለጌጁም በዝቷል። ስልክ ሲረጥብ እንደሚደረገው ሩዝ ውስጥ መቅበር ደግሞ ዱቄቱን ወደ ቀስቶቹ ሥር ከመላክ በቀር ፋይዳ የለውም።

መድረቁን እንዲህ ይፈትሹ፦ መስታወቱን በቦታው ሳያጥብቁ ያስቀምጡና ጌጁን በፕላስቲክ ከረጢት ጠቅልለው ለሌሊት ውጭ ያሳድሩት። ከጠዋቱ 12 ሰዓት ላይ ጉም ካለው ገና ነው፤ ወደ ሳጥኑ ይመልሱት።

ደረጃ 7፦ ይዝጉ፣ ግን አያፍኑ

በጌጁ ጀርባ ወይም ሥር ትንሽ ቀዳዳ፣ አንዳንዴም በነጭ ስስ ወንፊት የተሸፈነ ክብ ነገር ያገኛሉ። አየር የሚገባበትና የሚወጣበት ነው። አቧራውን በብሩሽ ያንሡለት፤ በምንም ነገር አይድፈኑት።

ምክንያቱ የመንገዳችን ጠባይ ነው። ከአዲስ አበባ ዙሪያ ተነሥቶ ጅቡቲ የሚደርስ መኪና ከ2,000 ሜትር በላይ ይወርዳል። ሲወርድ የውጭው አየር ግፊት ይጨምራል፣ ጌጁም አየር ወደ ውስጥ ይስባል፤ ተመልሶ ሲወጣ ደግሞ ያስወጣል። ቀዳዳው ክፍት ከሆነ ይህ ያለ ችግር ያልፋል። ከተደፈነ ግን በመጋጠሚያው ድካም ባለበት በኩል ይስባል፤ በዚያ ዳር ላይ የውሃ ጠብታ ካለ እሱንም አብሮ ያስገባል። ስለዚህ ጌጁን ዙሪያውን በሲልከን ማሸግ የጅቡቲን መስመር ለሚሠራ መኪና ከምንም በላይ የሚጎዳ ጥገና ነው።

የመስታወቱ ጎሚኒ ከተቆራረጠ በልኩ የተቆረጠ ስስ የስፖንጅ ጎማ ይተኩለት፤ መገጣጠሚያው ከታች በኩል ይሁን። መያዣዎቹ ከተሰበሩ በሁለት ጠብታ ማጣበቂያ ነጥብ ነጥብ አድርገው ይያዙት። ፈጣን ማጣበቂያ ሲደርቅ ነጭ ጭስ ትቶ መስታወቱን ስለሚያደበዝዝ አይጠቀሙበት።

ደረጃ 8፦ ይግጠሙና ይፈትሹ

ሶኬቶቹን በቁጥራቸው፣ «ቀጭ» የሚል ድምፅ እስኪሰሙ ይሰኩ። ብሎኖቹን ሳያጠብቁ የባትሪውን ገመድ ይመልሱ፤ ቁልፉን ከፍተው የማስጠንቀቂያ መብራቶቹ መብራታቸውን፣ ሞተሩን አስነሥተው ደግሞ ጌጆቹ መንቀሳቀሳቸውን ከፎቶዎ ጋር ያነጻጽሩ። ሁሉም ልክ ሲሆን ብቻ ብሎኖቹን ያጥብቁ።

የንፋስ ጌጅ ለብቻው

በቆዩ መኪኖች የፍሬን ንፋስ በቀጭን ቱቦ እስከ ጌጁ ድረስ ይመጣል። እዚህ ጌጅ ውስጥ ውሃ ካዩ ከዝናብ ላይሆን ይችላል፤ ከንፋስ ታንኩ የመጣ ሊሆን ይችላል። የታንኮቹን ማፍሰሻ ሁሉ ይክፈቱ። ብዙ ውሃ ከወጣ፣ ወይም ወተት የመሰለ የዘይትና የውሃ ድብልቅ ከወጣ፣ የድራየሩ (ንፋሱ ወደ ታንኩ ሳይገባ እርጥበቱን የሚያስቀርለት ዕቃ) ማጣሪያ መቀየር አለበት፤ ዘይት ከበዛ ኮምፕሬሰሩም ይታይ። ድራየር የሌለው መኪና ታንኩ በየቀኑ መፍሰስ አለበት።

ቱቦውን ከመፍታትዎ በፊት ጎማዎቹ በታኮ መያዛቸውን ዳግም ያረጋግጡ፣ ከዚያ ንፋሱን ከሁሉም ታንኮች እስከ ዜሮ ያውጡ። በአብዛኛው ከ7 እስከ 10 ባር የሚደርስ ግፊት ያለበት ቱቦ ሲላቀቅ ዓይን ያጠፋል። በአንዳንድ መኪኖች ንፋሱ ሲያልቅ የእጅ ፍሬኑ በስፕሪንግ ራሱን ይይዛል፤ በሌሎቹ ግን ምንም የሚይዝ ነገር የለም፤ ስለዚህ በፍሬኑ ሳይሆን በታኮው ይተማመኑ።

መልሰው ከገጠሙ በኋላ ንፋሱን ይሙሉና ሞተሩን ያጥፉ። ታኮው ሳይነሣ ቁልፉን ብቻ ከፍተው የእግር ፍሬኑን ደጋግመው ይርገጡ። ቀስቱ ሳይዘልና ሳይጣበቅ በእኩል እርምጃ መውረድ አለበት፤ ንፋሱ ዝቅተኛ መጠን ላይ ሲደርስ የማስጠንቀቂያው ድምፅ ወይም መብራት መምጣት አለበት። ቱቦው የተገጠመበትን ቦታ የሳሙና አረፋ ቀብተው ይዩ፤ አረፋው ከተነፋ ንፋስ ያስወጣል። ቀስቱ ከተጣበቀ ወይም ማስጠንቀቂያው ካልመጣ መኪናው አይንቀሳቀስ። በሱሉልታ አድርጎ ወደ ጎሐ ጽዮንና ወደ ዓባይ በረሃ የሚወርድ ሾፌር የንፋስ ጌጁን በግምት ሊያነብ አይገባም።

ከገጠሙ በኋላ የሚያጋጥሙ ችግሮች

አንድ ጌጅ ብቻ ካልሠራ የራሱ ሶኬት በደንብ አልተሰካም ወይም ጫፉ ወደ ኋላ ሸሽቷል፤ ነቅለው እያንዳንዱን ጫፍ በባትሪ ብርሃን ይመልከቱ። ሁሉም ጌጆች በአንድ ጊዜ ከሞቱ ፊውዙንና የግራውንድ ሽቦውን ይፈትሹ። መብራት ሲበራ ቀስቶቹ አብረው የሚንቀጠቀጡ ከሆነም ጥፋቱ አብዛኛውን ጊዜ የግራውንድ ሽቦው ነው።

የሙቀት ወይም የነዳጅ ቀስት ቁልፍ እንደተከፈተ ወደ ዳር ሄዶ ከቀረ፣ ሶኬቶች ተለዋውጠው እንዳይሆን ቁጥራቸውን ከፎቶው ጋር ያመሳክሩ፤ ልክ ከሆኑ ሽቦው የሆነ ቦታ ቆርቆሮ ነክቷል ወይም ሴንሰሩ ተበላሽቷል። ቀስቱ ከዜሮ በላይ ቆሞ ከቀረ በእጅ አይመልሱት፤ ቁልፉን ጥቂት ጊዜ ከፍተው ይዝጉ፣ ካልተስተካከለ ለጌጅ ጠጋኝ ይስጡ።

ጉሙ ከሳምንት በኋላ ከተመለሰ ጌጁን ዳግም አይፍቱ። ወደ ደረጃ 2 ተመልሰው ምንጣፉን ያንሡና ጠመኔውን ይነስንሱ፤ በተለይ በመጀመሪያው ምርመራ ያላዩትን የማራገቢያውን ቤት ይፈትሹ። የቀረው እርጥበት ከሾፌሩ እርጥብ ካፖርትና ጫማ የሚመጣ ከሆነ ደግሞ እነዚህን ጋቢና ውስጥ አያሳድሩ፤ መኪናውን ከማቆምዎ በፊት ለ10 ደቂቃ ያህል ማራገቢያውን የውጭ አየር በሚያስገባው ቦታ አድርገው ያሠሩ፤ ጥበቃ ባለበት ቦታ የሚያድር ከሆነም ዝናብ በማይነፍስበት በኩል መስኮቱን አንድ ጣት ያህል ከፍተው ይተዉ።